መርፌው የሚዘልበት ቦታ

እሑድ፣ ኅዳር 12

ለመላው የአራዳ ሕዝብ! ቁጭ ያላችሁ ተነሡ፤ የቆማችሁ ኮፍያችሁን አውልቁ። ትልቁ ሸክላችን ዛሬ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ በድንገተኛ ቃጠሎ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ። አስታማሚ አላስቸገረም። ቀብሩም እዚያው እሳቱ ውስጥ ተፈጸመ። ከሟች የተረፈው ካርቶኑ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ቀድሞውኑ ወጥ የፈሰሰበት ነው።

እሺ፣ አሁን እንደ ሰው ልጻፍ።

ኅዳር ሲታጠን አይደል። የሚስቴ አክስት እትዬ በላይነሽ ከኛው ጋር ነው የሚኖሩት። ገና ሳይነጋ ተነሥተው ቤቱን ገለበጡት። አሮጌ ሰሌን፣ ያለቀ መጥረጊያ፣ የኔ ሱሪ (ደህና ሱሪ ነበር)፣ ሁሉም ደጅ ወጥቶ እሳት ተለኮሰበት። እሳቸው በሩ ላይ ቆመው፣ "የተሰነጠቀ ሸክላ ሁሉ ይውጣ! የሰይጣን መቀመጫ ነው!" ይላሉ። ድስቱንና ገንቦውን ማለታቸው ነው። አራት ዓመት ተኩል የሆናት ልጄ ማሂ ግን ሸክላ ሲባል የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚሽከረከረውንና የሚዘፍነውን። የኛው ደግሞ እውነትም ከመሐሉ የተሰነጠቀ ነበር።

ይዛው ወጣች። እኔ እንዳስተማርኳት በሁለት እጇ፣ ጠርዙን ብቻ፣ መሐሉን ሳትነካ። እሳቱ ላይ ቀስ አድርጋ አስተኛችው።

እንደ ቋንጣ ተጠቀለለ። የሚከረፋ ጥቁር ጭስ ወጣ። እትዬ በላይነሽ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይዘው፣ "ተመስገን፤ ዘንድሮስ በሽታው ከነሥሩ ወጣ!" አሉ።

እኔ ደጃፍ ላይ ቆሜ ጥርሴን እፍቅ ነበር። መፋቂያዬ ወደቀ። ጮህኩ። "እጅሽን ይቁረጠው!" አልኳት። አባቴ ለኔ በቀን ሦስቴ ይላት የነበረች ቃል ናት። እኔ ግን ለልጄ አውጥቻት አላውቅም፤ ያለችኝም አይመስለኝም ነበር።

ማሂ እጇን አየች። ከዚያ ሁለቱንም የሹራቧ እጅጌ ውስጥ ከተተቻቸው።

ሰኞ፣ ኅዳር 13

ማሂ አትዘፍንም።

ለሌላ ቤት ይሄ ዜና አይደለም። እሷ ግን ዓይኗን ሳትገልጥ የምትጀምር፣ ፖፖ ላይ ተቀምጣ የምትቀጥል፣ ጉርሻ አፏ ውስጥ ሆኖ በአፍንጫዋ የምታዜም ልጅ ናት። ጎረቤት ሰዓቱን በሷ ነው የሚያውቀው። ዛሬ ጠዋት የፊት ለፊቷ ሴትዮ፣ "ልጅቷ አሟታል እንዴ?" ብለው መጡ።

ጊዮርጊስ አጠገብ ሬዲዮ የምጠግንበት ቤት ሄድኩ። አንዲት ደንበኛ ድምፁ የጎረነነ ሬዲዮ ይዛ መጣች። "የኅዳር ጭስ ገብቶበት ጉንፋን ይዞታል፤ ዝንጅብል ያጠጡት" አልኳት። አልሳቀችም። እኔም አልሳቅኩም። ያኔ ነው የታመምኩት እኔ መሆኔን ያወቅኩት።

ስለ ሟች ትንሽ ልጻፍ። ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ጥዬ የወጣሁ ሰው ስለ ሙዚቃ መጻፌን አስተማሪዎቼ ቢያዩ ይስቁ ነበር፤ ይሳቁ። ሸክላው ስድስት ዘፈን አለው። አምስቱ ደህና ናቸው። ሦስተኛው ግን ወንዝ ሞልቶባት ማዶ የቀረችን ልጅ የሚጠራ ሰው ዘፈን ነው። "ነይ" የሚልበት ቦታ ላይ መርፌው ስንጥቁን ያገኝና ይዘላል። ነይ፣ ነይ፣ ነይ፣ እኔ ሄጄ የማጫወቻውን ሣጥን በጣቴ መታ እስከማደርገው ድረስ። ከዚያ ልጅቷ ወንዙን ትሻገራለች።

ማሂ ዘፈኑን የምታውቀው እንደዚያ ነው። ሰባት ጊዜ "ነይ"፣ ከዚያ በጣቷ ጠረጴዛውን መታ ማድረግ፣ ከዚያ መሻገር። ዘፋኙ አንዴ ብቻ እንዳለው ነግሬያት አላውቅም። ለምን እነግራታለሁ? የሷ ይበልጣል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14

ሰፈሩ ሁሉ የዘፈን ሐኪም ሆኗል። እስከ ዛሬ ማታ የታዘዙልን መድኃኒቶች፦

እትዬ በላይነሽ፦ መዝሙር። ግማሹ ላይ ራሳቸው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ማሂ አልተኛችም።

የፊት ለፊቷ ሴትዮ፦ ልጆቻቸውን ያሳደጉበት ማባበያ። ጥሩ ዜማ ነው። እኔ ተባበልኩ።

ሬዲዮኑ፦ የሰልፍ ዘፈን። ሲያልቅ ሌላ የሰልፍ ዘፈን።

እኔ፦ ስለ አይጥና ስለ ቂጣ ራሴ የፈጠርኩት። ቃሉን እዚህ ብጽፈው እትዬ ከቤት ያስወጡኛል።

ሚስቴ ሰብለ፦ ተማሪ ቤት የተማረችው የጥንቸል ዘፈን። ማሂ እስከ መጨረሻው ሰማች። ሲያልቅ፣ "ጥንቸሏ እጅ አላት?" አለች።

ሰብለ ጓዳ ገባች። ተከትያት ስገባ ዓይኗን እየጠረገች ነበር።

"ይቆረጣል ብላ እኮ ነው የደበቀችው" አለችኝ። "ዛሬ ሳጥባትም አላወጣም ብላ ታግላኛለች።"

"ቀልድ ነው እኮ... ማለቴ፣ ቃል ነው፤ ሰው ሁሉ ይለው የለ?"

"ሰው ሁሉ ይላል። እሷ ግን አንተ ያልከውን ነው የምትሰማው። ቀልድህን ከቁም ነገርህ አትለይም። እኔም አንዳንዴ አልለይም።"

ረቡዕ፣ ኅዳር 15

ዛሬ የገና ጾም ገባ። እራት ሽሮ ነበር። እኔም ሁለት እጄን እጅጌዬ ውስጥ ከትቼ ቀረብኩ። "እኔም ይቆረጥብኛል ብዬ ነው" አልኩና በአፌ ከትሪው ልበላ ጎነበስኩ። አፍንጫዬ ሽሮ ጠጣ። እትዬ በላይነሽ፣ "ጾም በገባ ቀን! አንተን የወለደች እናት ምን ዓይነት ትዕግሥት ሰጥቷት ነው?" አሉ። ማሂ በአንድ በኩል ፈገግ አለች። እጇ ግን አልወጣም። ዘፈንም የለም። ሰብለ አጎረሰቻት።

ከእራት በኋላ እትዬን መውቀስ ጀመርኩ። በሌሉበት፣ ጀግና አይደለሁ። "ሸክላ ይውጣ ያሉት እሳቸው ናቸው" አልኩ።

ሰብለ ሳህኑን አስቀመጠች። "ቅዳሜ ማታ የወረቀት ቆብ ሠርቶ ልጅቷን የሾማት ማን ነው?"

ትሪውን ላነሣ ጎነበስኩ።

"'ጓድ ማሂ፣ የቤታችን የጽዳት ዘመቻ ሊቀ መንበር! ነገ እትዬ የሚሉትን ሁሉ ሳትጠይቂ ትፈጽሚያለሽ!' ያላት ማን ነው? እትዬ ናቸው?"

ትዝ አለኝ። ሰላምታ ሁሉ ሰጥታኝ ነበር። ቆቧ ዓይኗ ላይ እየወረደባት በግራ እጇ ነበር የሰጠችኝ፤ እኔ መሬት ላይ ተንከባልዬ ሳቅኩ።

ቀልዱ የኔ። ትእዛዙ የኔ። እሷ ፈጸመች፣ ያውም ጠርዙን ይዛ። ታዲያ የማን እጅ ነው መቆረጥ የነበረበት?

ሰብለ እንደዚያ አላለችኝም። ትችል ነበር። ፎጣ አቀበለችኝና፣ "አፍንጫህ ላይ ሽሮ አለ" አለችኝ። ስለዚህች ሴት እግዚአብሔር ይመስገን።

ሐሙስ፣ ኅዳር 16

ሸክላውን የሸጡልኝ ጋሽ ሰይድ ፒያሳ ሱቃቸው አሉ። ስገባ ቀና አላሉም።

"ውጣ" አሉኝ።

"ጋሽ ሰይድ፣ ገና ምንም አላደረግኩም።"

"ዛሬም አንድ ሙሽራ መጥቶ 'እስክስታ አሠልጥኑኝ' አለኝ! ሥልሳ ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴ አይታጠፍም!"

ባለፈው ወር በራቸው ላይ "ጋሽ ሰይድ ዳንስ ያስተምራሉ" የሚል ወረቀት ለጥፌ ነበር። ወረቀቱን አንሥቻለሁ፤ ወሬው ግን አልጠፋም።

የወንዙን ሸክላ ጠየቅኳቸው። "እሱማ ድሮ አለቀ። አሁን ሁሉ ካሴት ነው" አሉ። ታሪኩን ነገርኳቸው። እትዬ በላይነሽ "በሽታው ወጣ" ያሉበት ላይ ስደርስ መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ፤ እንባቸው መጣ። እጅጌው ላይ ስደርስ ሳቃቸው ቆመ።

መነጽራቸውን ብዙ ጠረጉት።

"አፍንጮ በር፣ ቤቴ አንድ አለ" አሉ። "የባለቤቴ ነው። ሙዚቃ ክፈቱልኝ ስትል እሱን ማለቷ ነው። እጠይቃታለሁ፤ ቃል አልገባም።"

"ጋሽ ሰይድ፣ ውለታዎን..."

"ዝም በል። ላንተ መሰለህ እንዴ? ለእጇ ነው።"

ዓርብ፣ ኅዳር 17

ጋሽ ሰይድ አልመጡም። ሁለቴ ሱቃቸው በር ላይ አለፍኩ፤ አንዴ እያፏጨሁ፣ አንዴ እንደ ጨዋ። ቀና ብለው አዩኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ማሂ ዛሬ በሩን በክርኗ ከፈተችው። እየለመደችው ነው። ከሁሉ ያስፈራኝ ይሄ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 18

መጡ! በራሳቸው እግር፣ በጋዜጣ ጠቅልለው፣ ዳገቱን እያለከለኩ። "ባለቤቴ 'ለልጅ ከሆነ ምን ትጠይቀኛለህ' አለችኝ" አሉ። ሳይቀመጡ ሊሄዱ ነበር፤ እትዬ በላይነሽ ወንበር አቀረቡላቸውና አስቀሯቸው።

ሸክላው ያበራል። ጭረት የለው፣ ስንጥቅ የለው። አስቀመጥኩት። አንደኛው ዘፈን፣ ሁለተኛው። ማሂ ከእናቷ ጉልበት ሥር ተቀምጣለች፤ እጅ የላትም። ሦስተኛው ጀመረ። ወንዙ ሞላ። ሰውዬው ዳር ላይ ቆመ።

"ነይ" አለ። አንዴ። ልጅቷ ወዲያው ተሻገረች።

ማሂ ግንባሯን ቋጠረች። "ተበላሽቷል" አለች።

"ምኑ?"

"ነይ አላላትም።"

"አለ እኮ፣ ማሂዬ። አንዴ አለ።"

"አንዴ አይደለም!"

ተነሣች። ቀኝ እጇ ከእጅጌው ወጣ። ራሷም አላየችውም፤ ንዴት ላይ ነበረች። መርፌውን የያዘውን ክንድ አንሥታ ወደ ኋላ መለሰችው። ሰብለ ክንዴን ጨመቀችኝ፤ ዝም በል ማለቷ ነው። ሰውዬው እንደገና አንዴ ብቻ አለ። ማሂ በቃ ተስፋ ቆረጠችበት።

"እንደዚህ ነው!" አለችና ራሷ ጀመረች። ነይ፣ ነይ፣ ነይ፣ ነይ፣ ነይ፣ ነይ፣ ነይ። ግራ እጇም ወጥቶ ሣጥኑን መታ አደረገው። ልጅቷን አሻገረቻት።

"እውነቷን ነው" አሉ ጋሽ ሰይድ። "አንዴ ተጠርታ የምትመጣ ሴት የት አለች?"

"ባለቤትዎ ይስሙዎትና!" አሉ እትዬ በላይነሽ።

ሳቁ መሐል እጇን ያዝኩት። ቀዝቃዛና ትንሽ የሚያጣብቅ ነው፤ ከእሑድ ወዲህ በደንብ አልታጠበማ። "እጅሽን ይባርከው" አልኳት። ሳልቀልድ። ሳልቀልድ መናገር እንዴት እንደሚያስቸግር!

ትንሽ አሰበች። "አይቆረጥም?"

"አይቆረጥም። ያልኩት ውሸት ነው። ጥፋቱ የኔ ነበር።"

"ያንተስ፣ አባዬ?"

"የኔን እትዬን ጠይቂ።"

እትዬ፣ "እስቲ እናየዋለን" አሉ።

ሸክላውን ለጋሽ ሰይድ መለስኩላቸው። ባለቤታቸውን ያለ ዘፈን ማስቀረት ነውር ነው፤ እኛ ደግሞ የማይሰነጠቅ አግኝተናል። ሲወጡ በሹክሹክታ፣ "የሙሽራው ነገር... እስክስታ የሚያሠለጥን ታውቃለህ?" አሉኝ።

ይኸው አሁን ትዘፍናለች። ሃያኛዋ መሆኑ ነው። የፊት ለፊቷ ሴትዮ በመስኮት "ዳነች?" ብለው ጠይቀው ነበር፤ አሁን መስኮታቸውን ዘግተዋል።

ማረሚያ ለመላው የአራዳ ሕዝብ፦ ባለፈው እሑድ የተነገረው ዜና ከመጠን በላይ ተጋኗል። አንድ ሸክላ ተቃጠለ፤ አንዲት ልጅ ጥቂት ቀን ዝም አለች። ያን ያህል ነገር አልነበረም። ኮፍያችሁን ልበሱ።