መክትን የሰበረው ጓያ አይደለም

ውድ ወንድምዓለም ጌታሁን፣

ደህና የበላ፣ ያልተመታ፣ መርዝ ያልቀመሰ ውሻ ምን ሆኖ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል? የመክትን ቪዲዮ ስልክልህ ይህን ሳትጠይቅ አልቀረህም። አርብ ገበያ ላይም ያልጠየቀኝ ሰው የለም። መልሱን ግማሹን አግኝቼዋለሁ፤ ግማሹ አንተ ዘንድ ነው። ስልክህ ግን አይነሣም። ስለዚህ ይህን ወረቀት የጎረቤታችን ልጅ ትዝታ አዲስ አበባ ስትገባ በእጅህ ትሰጥሃለች። በእጅ ለተሰጠ ወረቀት ኔትወርክ የለም አይባልም።

በጥምቀት ሰሞን ከምታረባቸው ቡችሎች መርጠህ በካርቶን ይዘኸው ስትመጣ ስሙ ማክስ ነበር። አባዬ አንድ ሁለቴ አፉን ሞከረበትና «መክት» አደረገው። «ስም ትርጉም ይኑረው እንጂ» አለ። ዓርብ ዓርብ ከገበያ የሚመለሰው ሰው አጥራችንን ተደግፎ ያየው ነበር፤ ጆሮው ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ወገቡ ወደ ኋላ ዝቅ ያለ የፈረንጅ ውሻ። «ልጄ ነው ያመጣልኝ፤ ንጹሕ ዘር ነው» ይላል አባዬ ለሚያልፈው ሁሉ። ውሻውን ሲያሞግስ የሚያሞግሰው አንተን ነበር። ከቤት ከወጣህ ወዲህ ስምህን ፊቱ ፈክቶ ሲጠራ የሰማሁት ያኔ ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነገሩ ጀመረ። መጀመሪያ ያየችው እናታችን ናት። ምግብ ስታቀርብለት አፉ ሳህኑን እየሳተ መሬት ይነክስ ጀመር። ጭንቅላቱ ወደ ምግቡ በቀረበ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፤ ሲተኛ ይተወዋል። ሲራመድ የፊት እግሩን ከልክ በላይ ያነሣና ይጥለዋል፤ የሌለ ቦይ የሚሻገር ይመስላል። ሲዞር ይወድቃል። ዓይኑ ግን ንቁ ነው፤ ስሙን ያውቃል፤ ሊቀበለኝ ሲሮጥ እየወደቀ እየተነሣ ይመጣል። ጎረቤቱ «አብዷል፣ ይገደል» አለ። እኔም ከምሠራበት ከንፋስ መውጫ ስደርስ የፈራሁት እሱን ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ ቢሆን ግን በቀናት ውስጥ ይሞት ነበር፤ መክት ሳምንታት አልፈውት ይበላል፣ ይጫወታል።

አባዬ የራሱን ምርመራ ቀድሞኝ ጨርሷል። «ጓያ ነው የሰበረው።»

አገራችንን ታውቃታለህ፤ እግሩ የከዳው ሁሉ ጓያ የሰበረው ነው። ጓያ የሚበላ ብቻ አይደለም፤ ገለባው ላይ የተኛ፣ ሲቀቀል እንፋሎቱ የነካውም ይሰበራል ይባላል። እናታችን ደግሞ ቡችላውን ብርድ እንዳይመታው ከአውድማ የተረፈውን የጓያ ገለባ አንጥፋለት ነበር። ገለባ ማንንም አይሰብርም፤ የሚጎዳው ፍሬውን ወራት ሙሉ ያለሌላ እህል መብላት ነው። ይህን ተናግሬ ተናግሬ ምላሴ ደከመ።

ከዚያ ወዲህ አባዬ ከእናታችን ጋር አይነጋገርም። መጀመሪያ በእኔ በኩል ነበር መልእክቱ። እኔ ወደ ሥራዬ ስመለስ በውሻው በኩል ሆነ።

«መክት፣ በሬዎቹ ውኃ ጠጥተው እንደሆን ጠይቃት» ይላል።

«ጠጥተዋል በለው» ትላለች እሷም፣ ወደ ውሻው ዞራ።

አንድ ቅዳሜ በር ላይ ቆሜ ሰማኋቸው። መሳቅ አማረኝ፤ አልቻልኩም። አባዬ እኮ ክፉ ሰው አይደለም። አንተ ከስንት ዓመት በኋላ የሰጠኸው ነገር በቤቱ ውስጥ ተበላሸበት፤ የሚያኮርፈው ሰው አስፈለገው። የባሰው ግን እናታችን ራሷ ማመኗ ነው። «እጄ ነው» ትላለች፣ መዳፏን እያየች። ጓያ የሰበራቸውን ወንድሟን ጋሼ ምናለን ስትደግፍ ያደገች ሴት ናት። ሌላ ምን ትበል?

ጋሼ ምናለ ራሳቸው በሚካኤል ዕለት በሁለት ዱላቸው እየተሳቡ መጡ።

«እስቲ አስኪዱት» አሉ። መክትን አስነሣሁት፤ እግሩን ሰማይ ድረስ እያነሣ መጣና እግራቸው ሥር ወደቀ። ጋሼ ምናለ ብዙ አዩት።

«ይኼማ የኔ ወገን አይደለም። እኔ እግሬን ማንሣት ነው ያቃተኝ። እሱ ማውረድ ነው ያቃተው።»

እናታችን ሳቀች። አባዬ ግን ከተቀመጠበት ሳይነሣ፣ «አያ ምናለ፣ አንቱማ ለእህትዎ ማድላትዎ ነው» አላቸው።

«አንተስ ለማን እያደላህ ነው፣ ሀብቴ?» አሉት። የሚያደላው ለአንተ እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል።

ቪዲዮውን ጎንደር የእንስሳት ሕክምና ላስተማሩኝ መምህር ላክሁላቸው። ከአንጎል በስተኋላ ርምጃን የምትመጥን ክፍል አለች፤ የእሷ ሕዋሳት ያለጊዜያቸው እየሞቱ ይመስላል አሉኝ። በዘር የሚወርድ ነው፤ መድኃኒት የለውም። ለማረጋገጥ እዚህ የማይገኝ ምርመራ ያስፈልጋል። በመጨረሻ አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ «ወላጆቹ ይዛመዳሉ?»

ደወልኩልህ። ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ። «እንዴ ዮዲቴ፣ ንጹሕ ዘር ምን ማለት መሰለሽ? እናትና አባቱ የአንድ ሆድ ልጆች ናቸው።» ሳቅህ። «እዚህ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሽማግሌ የለም» አልክ። እንዲህ ያለው ጉድለት ከአንድ ወገን ብቻ ሲመጣ ተደብቆ ይኖራል፤ ከሁለቱም ወገን ሲገናኝ ነው የሚወጣው፤ ወንድምና እህት ደግሞ አንድ ዓይነት ጉድለት ደብቀው የመያዝ ዕድላቸው ሰፊ ነው እያልኩህ ሳለ መስመሩ ተቋረጠ። ወይም ቆረጥከው። ወላጆቹ ለዓይን ጤነኞች ናቸው፤ ቀድመህ ልታውቅ አትችልም ነበር። በዚያ አልወቅስህም።

ሰባት ቤት የሚለው ቃል ከአንተ አፍ ለምን እንደዚያ መርሮ እንደሚወጣ አውቃለሁ። አንተና ገነት ልትጋቡ ሽማግሌዎች ዘር ቆጥረው «ስድስተኛው ቤት ላይ ይገናኛሉ» ያሉ ዕለት ቤት ነበርኩ። አባዬ «አይሆንም» አለ፤ አንተ ልብስህን ሸክፈህ ወጣህ። እናታችን እስከ አስፋልቱ ድረስ ተከተለችህ፤ ዞረህ አላየሃትም። አሁን በተማርኩት ስመዝነው ስድስተኛ ቤት ላይ ያለ ሥጋ ከባዳ ብዙም አይለይም። ልክ አንተ ነበርክ። ይህንንም ለአባዬ ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ፤ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ሽማግሌዎቹ ቆጠራውን አበዙት፤ አንተ ደግሞ ለውሾችህ ጭራሹን ተውከው።

የመክት ወላጆች ወንድምና እህት መሆናቸውን ለአባዬ ስነግረው ግን ተነሥቶ ቆመ።

«ማን አገናኛቸው? ጌታሁን?»

«እሱ ራሱ ነው የነገረኝ።»

«ልጄ እንዲህ ያለ ነውር በደጁ አያስደርግም። በውሻም ቢሆን። አንቺ የተማርሽው ለእናትሽ ጠበቃ ልትቆሚ ነው?» ከዚያም፣ «ራሱ ጌታሁን ይንገረኝ። ያን ዕለት እናትሽን ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለ።

እንግዲህ ግማሹ መልስ ያለው አንተ ዘንድ ነው ያልኩህ ይህ ነው። ከእኔ አይቀበልም፤ ከመምህሬም፣ ከጋሼ ምናለም አልተቀበለም።

ለምን እንደከበደህም የገባኝ ይመስለኛል። ቴሌግራም ላይ የለጠፍከውን አይቻለሁ። ያችኑ የመክትን እናት ከዚያው ከወንድሟ ጋር እንደገና አገናኝተሃታል፤ «ንጹሕ ዘር፣ ቀድመው ይመዝገቡ» ብለሃል። ለአባዬ እውነቱን ከተናገርክ ለገዢዎችህም መናገር ሊኖርብህ ነው። ሥራህ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እዚህ ቤት ሁለት ሽማግሌ ሰዎች በውሻ አፍ ይነጋገራሉ።

ደክሞኛል፣ ወንድምዓለም። መንገድ ሲከፈት ስማዳ ድረስ ወርጄ ከብት እከትባለሁ፤ ሲዘጋ ንፋስ መውጫ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ስመረቅ አንዲት ላም አድኜ አገር የማድን ይመስለኝ ነበር። አሁንም ያ ነገር ጨርሶ አልለቀቀኝም፤ ከመክት ጋር የተወለዱት ቡችሎች የት እንደሄዱ ብትነግረኝ ባለቤቶቹን አንድ በአንድ አነጋግራለሁ። የሚንቀጠቀጥ ካለ ከበሽታው ባላድነውም ሳይታወቅ እንዳይራባ ማድረግ እችላለሁ። እሱን በሌላ ጊዜ እናወራዋለን።

የሚያስቸኩለኝ እናታችን ናት። መክት አሁን ቆሞ መብላት አልቻለም። ጭንቅላቱን በክንዷ አቅፋ ይዛ ታጎርሰዋለች፤ ስትይዘው መንቀጥቀጡ ይቀንስለታል። በመርፌ ላሳርፈው እንደሚገባ ነግሬያታለሁ። «ጓያ የሰበረው ሁሉ ቢገደል ወንድሜ የት ይሆን ነበር?» ብላ ከለከለችኝ። መሞቱ አይቀርም፤ ሩቅም አይደለም። አባዬ ሳያናግራት መክት ከሞተ ግን እስከ ዕለተ ሞቷ «ገደልኩት» እንዳለች ትኖራለች። እኔ ልታገሥ የማልችለው ይህን ነው።

ስለዚህ ለእኔ መልስ አትጻፍልኝ። ለአባዬ ደውልለት። እሁድ ከቅዳሴ ሲመለስ ስልኩን ይከፍታል። ስለ ገነት የምትለው ካለህ በለው፤ መብትህ ነው። ከዚያ በፊት ግን፣ «ወላጆቹ ወንድምና እህት ናቸው፤ ያገናኘኋቸው እኔ ነኝ፤ እናቴ የለችበትም» በለው። ረጋ ብለህ ተናገር። አባዬ ስልክ የሚያወራው ድምፁን ለሁሉም ከፍቶ ነው፤ እሷም ከጎኑ ሆና ትሰማሃለች።

እህትህ ዮዲት
ንፋስ መውጫ