በየመታጠፊያው አንድ ወንበር

ውድ ልጄ፣

ከደሴቲቱ ጉዟችን በኋላ በሰላም ገብተሽ ወደ ሥራ መመለስሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ደውዬ ልነግርሽ ስችል ለምን እንደምጽፍልሽ ይገርምሽ ይሆናል። በስልክ ከሆነ እቀልድና አልፈዋለሁ፤ ታውቂኛለሽ። ይሄን ግን በቀልድ ላልፈው አልፈልግም።

የደሴቲቱን ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተሽ እያንዳንዱን ምግብ ቤት በእርሳስ ስታከብቢ፣ «ሰው እሳተ ገሞራ ሊያይ ይሄዳል እንጂ ሊበላ ይሄዳል እንዴ?» ብዬሽ ነበር። ቀና እንኳ ሳትዪ «እኔ ሆዴን ነው የማስጎበኘው፣ አባዬ» አልሽኝ። ይህቺ ልጅ ሆዳም ሆና ቀረች ብዬ ተውኩሽ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ እምቢ ልልሽ ነበር። ከመሥሪያ ቤትሽ ሰዎች ጋር ፏፏቴው ጋ የሄድን ጊዜ፣ አስጎብኚው ባንዲራውን ከፍ አድርጎ «አባትን እንጠብቃቸው!» እያለ ያን ሁሉ ሰው ሲያስቆምልኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ተንበርክኬ የሰው ቤት ወለል ሴራሚክ ሳነጥፍ የኖርኩ ሰው ጉልበቱ ከዳው ይባል? ሐኪም ስትሉኝ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። አንቺ ግን «ያለ አስጎብኚ ነው፤ እኔና አንተ ብቻ» አልሽ። በዚያ ተሸነፍኩ።

አውቶቡሶችን የምታሰማሪ ልጅ ዕቅድ እንደማያቅትሽ አውቃለሁ። ግን ባለምግብ ቤቶቹ ጋ እየደወልሽ ምን እንደሚሠሩ በመጠየቅ ፈንታ «ደረጃ አለው? ወንበሩ መደገፊያ አለው?» ስትዪ ሰምቼ፣ ቅንጦት ነው ብዬ በሆዴ ሳቅሁብሽ።

ከጀልባው እንደወረድን ዳቦ ቤት አስቀመጥሽኝ። ትንሽ ሽቅብ እንዳልን የተጠበሰ ዓሣ መጣ። መታጠፊያውን ስናልፍ አይብ፣ ቀጥሎ በዚያ ጥቁር አፈር ላይ የበቀለ ወይን። «ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ፤ ኧረ ይብቃን!» ብልሽ፣ ከመሬት በሚወጣ እንፋሎት የተቀቀለ እንቁላል እየላጥሽልኝ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አልሽኝ። ከት ብዬ ሳቅሁ። አንቺ የራስሽን እንቁላል ቆረስ አድርገሽ እንደተውሽው ግን አይቻለሁ።

ወደ ላይ ስንጠጋ ያቺ ሾርባ ሻጭ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች። «እንኳን ደህና መጡ አባቴ! ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? ልጅዎ በስልክ ስትጨቀጭቀኝ ነው የሰነበተችው። ባለመደገፊያውን ወንበር ከመኝታ ቤቴ አውጥቼልዎታለሁ» አለችኝ። አንቺ በዓይንሽ ገደልሻት። እኔ ያልሰማሁ መስዬ ተቀመጥኩ።

ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ። ያረፍንበት ቦታ ሁሉ ጉልበቴ ሊለበልበኝ ሲጀምር የደረስንበት ነበር። ከገበያ ስንመለስ መንገድ ላይ ቆሜ የጫማዬን ማሰሪያ ደጋግሜ የማስረው ለምን እንደሆነ ድሮ ገብቶሽ ኖሯል፤ አንድም ቀን ግን ትንፍሽ አላልሽም።

ማፈር ነበረብኝ። ኮራሁ እንጂ! የእኔን ሙያ ታውቂዋለሽ፤ ጥሩ የመታጠቢያ ቤት ወለል ተዳፋት አለው፣ ውሃው ወደ ማውረጃው ይሄዳል፣ የሚረግጠው ሰው ግን ወለሉ ዘንበል ማለቱን አያውቅም። የአንቺ ዕቅድ እንደዚያ ነበር። ስንት ወለል ሠርቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ሥራ ግን ከእጄ አልወጣም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፣ ልጄ።

ከመጨረሻው ዳገት በፊት ምግብ ቤት አልነበረም። ግራና ቀኝ ስትቃኚ አየሁሽ። ከዚያ ከቦርሳሽ ብስኩት አወጣሽና «ራበኝ፣ ትንሽ እንቀመጥ» አልሽ። ያን ሁሉ ምግብ እየቀመስሽ በተውሽበት ቀን!

«አንቺ አልራበሽም» አልኩሽ። «እኔ ነኝ የደከመኝ። ጉልበቴን አሞኛል።»

ከአፌ ሲወጣ ተራራው የሚፈነዳ መስሎኝ ነበር። ምንም አልሆነም። ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን፤ ብስኩቱንም እኔ በላሁት። ከዚያ ትከሻሽን ይዤ እስከ ተራራው አፍ ወጣሁ። አንድ ባለባንዲራ ሰዎቹን አስከትሎ ሲያልፍ «ከማን ጋር ነው የመጡት?» ቢለኝ፣ ደረቴን ነፍቼ «ከአስጎብኚዬ ጋር» ብዬ ወዳንቺ ጠቆምኩት። የሰማሽኝ አልመሰለኝም፤ ስለዚህ ይኸው ጻፍኩልሽ።

ማክሰኞ ለሐኪም ልታይ ነው። «አትድከሚ፣ ብቻዬን እችላለሁ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ከላይ የተሰረዘው እሱ ነው።

ነይልኝ።

ባንቺ የሚኮራው አባትሽ