ተንፍሶም የሚሄደው ጎማ

ጥቅምት 8፣ ረቡዕ

ዛሬም ተነፈሰ። የኋላ ቀኝ። ጦር ኃይሎችን አለፍ እንዳልን። አማቴን እማማ ተዋበችን ደግፌ አወረድኩና ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳቸው። ክሪኩ ጭቃው ውስጥ ይሰምጣል። ሦስት ወንዶች ከበቡኝ፤ አንዱም እጁን አላቆሸሸም። ባልሽ የት ነው ይሉኛል። አሰብ ነው፣ መንግሥት መድቦት፤ ብሎኑን ትይዙልኛላችሁ ወይስ አድራሻውን ልስጣችሁ? አላልኩም። ማለት ነበረብኝ።

ዘነበወርቅ ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ወጥቷል። ዓርብ ኑ ተባልን። እኔ ላብድ ደርሻለሁ፣ እማማ ቅር እንኳ አላላቸውም። መንገዱን ሙሉ ሲያወጉኝ ተመለሱ። የግራ እግራቸው ቁስል ከክረምት ጀምሮ አልደርቅ ብሏል፤ ስኳር ነው። እሳቸው እየዳነ ነው ይላሉ። አብሬያቸው ገብቼ ሐኪሙን ሰምቼ አላውቅም፤ መኪናዋን ስጠብቅ ነው የምውለው። አምና ገበያ ገብቼ ስወጣ አንድ ጎማ ከነቸርኬው ፈትተው ወስደውብኛል። እየዳነ ነው ካሉ እንግዲህ እየዳነ ነው።

ጥቅምት 9፣ ሐሙስ

ከማስተምርበት ት/ቤት ስወጣ ጎሚስታው ሸምሱ ጋ ሄድኩ። የውስጡን ጎማ፣ ከመነዳሪውን፣ ውኃ ውስጥ ነክሮ አሳየኝ። ልጣፍ በልጣፍ ላይ። አዲስ የለም፣ ቢመጣም ቅድሚያ ለመንግሥት መኪና ነው አለ። ለጠፈው። ምን ይደረግ።

አመሻሽ ላይ የባሌ ወንድም ግርማ መጣ። ፊቱ በርቷል። ፊቱ ሲበራ እፈራለሁ። መ/ቤታቸው አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ አለ፣ ጊዜውን ጨርሶ አገሩ ሊገባ ነው። መኪናው የእኛዋ መንትያ ናት፤ ጎማዎቿ ግን ሌላ ናቸው። ከመነዳሪ የላቸውም። ጎናቸው ወፍራም ነው፤ ቢተነፍሱም መኪናዋን ተሸክመው ቀስ እያሉ ይሄዳሉ። በእኛ ተራ ጎማ ሊለውጠን ይፈልጋል። ለምን አልኩ። መኪናዋን የሚገዛው ሰው እነዚህን ጎማዎች አልፈልግም ስላለ። ታዲያ እሱ ያልፈለገውን እኔ ለምን እፈልጋለሁ? ግርማ ሰውዬው ስላልሠለጠነ ነው አለ። እኔም ገና አልሠለጠንኩም አልኩት። ተቆጣ። እራቱን ግን በላ።

ጥቅምት 10፣ ዓርብ

የፊት ግራ!! ሌላው!! ስንደርስ የካርድ ክፍሉ ተዘግቷል። እማማ ለበጎ ነው አሉ። የምን በጎ? የጥቁር ሰሌዳ ጠመኔና የመኪና ጥላሸት አብረው ጥፍሬ ውስጥ ገብተዋል። ይምጣ የፈረንጁ ጎማ። ሰለቸኝ።

ጥቅምት 12፣ እሑድ

የቀበሌ ስብሰባ። ዓርብ ከውይይት ክበብ ለምን ቀረሽ ተባልኩ። ጎማ ተንፍሶብኝ። ሊቀመንበሩ የግል መኪና ጎማ ለኅብረተሰቡ ጉዳይ ምክንያት ይሆናል ወይ ብሎ ቤቱን ጠየቀ። ቤቱ አይሆንም አለ። ከሚያጨበጭቡት መካከል ባለፈው ወር ምጥ ላይ ሆና ሐኪም ቤት ያደረስኳት ጎረቤቴ አለች። እኔም አጨበጨብኩ። ምን ላድርግ?

ከሰዓት በኋላ ጎማዎቹ ከነቸርኬያቸው መጡ። ለሙከራ እስከ ቅዳሜ፤ የኛዎቹ ሸምሱ ጋ ይቆያሉ። ሸምሱ ሲገጥም አጉረመረመ። ይህ ነገር ቢጎዳ እኔ ዘንድ እንዳታመጪው፣ ልጣፍ አይቀበልም፣ መሣሪያውም የለኝም አለ። ግርማ የልጣፍ ገበያህ እንዳይቀርብህ ነው አለው። ሁለቱ በእኔ ጎማ ሲጨቃጨቁ እኔን የጠየቀኝ የለም። አሰብ ላለው ባሌም ቴሌግራም ልኬ ነበር፤ ግርማ እንዳለሽ አድርጊ የሚል መልስ መጣ። መኪናዋን የምነዳው እኔ ነኝ!

ስነዳት ደረቅ ናት። እያንዳንዱ ጉድጓድ ወገቤ ድረስ ይሰማኛል።

ጥቅምት 15፣ ረቡዕ

በተራ ልጻፍ።

ግርማ ጎማውን ሊያይ ፈቃድ ወስዶ አብሮን ሄደ። ዘነበወርቅ ሳንደርስ ሚስማር ወጋን። መሪው ከበደኝ። ልቆም ስል ግርማ ንጂ ንጂ አለኝ። ነዳሁ። ማመን አቃተኝ፤ ይሄዳል! እያንገጫገጨን፣ ቀስ እያልን፣ ሄድን። ከኋላዬ እማማ ይቆማል እንዴ፣ አይቆምም እንዴ ሲሉ እሰማለሁ። ደስ ያላቸው መሰለኝ። በሰዓቱ ደረስን። ግርማ ወርዶ ጎማውን ሊያቅፈው ምንም አልቀረው። እኔ እጠብቃታለሁ፣ አንቺ ግቢ አለኝ። ስለዚህ ገባሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝና፣ በመጨረሻ ቤተሰብ መጣ አለ። እግሩ ከቁርጭምጭሚት መቆረጥ አለበት። ለእማማ መስከረም ላይ ነግሯቸዋል። ልጆቼን ላማክር ብለውት ነበር። ማንንም አላማከሩም። ካሁን በኋላ ከዘገየ ከጉልበት ይሆናል አለ። ሰኞ እንዲተኙ ቀጠሮ ያዘ። እማማ ግድግዳውን ያያሉ።

ስንወጣ ለግርማ ነገርኩት። እሱ ስለ ጎማው ማውራት ጀመረ። እንዴት ተሸክሞ እንዳደረሰን፣ ጎኑ እንዴት እንደተሠራ። እናትህ እግራቸው ሊቆረጥ ነው እያልኩህ ነው አልኩት። ሰምቻለሁ አለ። መሀረቡን አውጥቶ ከጎማው ላይ ጭቃ ይጠርጋል። ያንን የተጨማደደ ጎማ ይጠርጋል፣ ይጠርጋል። ልመታው ነበር። ከዚያ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁና ተውኩት።

ጥቅምት 16፣ ሐሙስ

ት/ቤት አልሄድኩም። እማማን ለምን ደበቁኝ ብዬ ጠየቅኩ። ጮኼ ነው የጠየቅኩት፣ አልዋሽም። መደባቸው ላይ ተቀምጠው ቀሚሳቸውን እግራቸው ላይ ሳቡ።

«ተነፈሰ ባልሽ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር» አሉኝ። «ለዛሬ ተረፍኩ እላለሁ። ትናንት አልቆም ሲል ነው የፈራሁት።»

እኔ ጭቃ ላይ ተንበርክኬ ብሎን ስታገል እሳቸው ከድንጋዩ ላይ ሆነው ምስጋና ያቀርባሉ! ተናደድኩ። አለቀስኩ። ከዚያ አብረን ሳቅን፤ በምን እንደሳቅን አላውቅም።

እንደተነፈሰ ቤት ድረስ የተነዳው ጎማ ሞቷል። ሸምሱ ሊነካው አልፈለገም። ግርማ ከተማውን አዳርሷል፤ የሚጠግን የለም፣ አምሳያውም የለም።

ጥቅምት 18፣ ቅዳሜ

ግርማ ሦስቱ ደህና ናቸው፣ አራተኛውን ከውጭ በሚመጣ ሰው እናስመጣለን ይላል። እስከዚያ መኪናዋ በሦስት እግር ልትቆም ነው? ብዬ ከአፌ ወጣ። ማን ፊት እንዳልኩት ሳየው ምላሴን ነከስኩ። እማማ ግን ፈገግ አሉ፣ በእውነት።

ወሰንኩ። ተራው ጎማ ይመለስ። የፈረንጁ ጎማ በጎ ውሎልናል፣ አልክድም፤ እሱ ባይሆን ሐኪሙን አላገኘውም ነበር። ግን ከሰኞ በኋላ ወራት የሚፈጅ መመላለስ አለብኝ። በየፌርማታው የሚለጠፍ ጎማ ነው የሚያስፈልገኝ። አንድ ጊዜ ጀግና ሆኖ የሚሞት አይደለም። ለግርማ ይህን ስነግረው እንዲመክረኝ አልጠበቅኩም። እንደፈለግሽ አለና ለፈረንጁ ሊመልስ ጎማዎቹን ጫነ። ፈረንጁ ስለ ተበላሸው አልተቆጣም፣ ለሙከራ አይደል ያልነው ብሎ ስቋል አሉ። ሸምሱ ከራሱ መኪና አንድ ደህና ከመነዳሪ አውጥቶ ገጠመልኝ። ሳልጠይቀው።

ጥቅምት 20፣ ሰኞ ጠዋት

አራቱንም ረግጬ አየሁ። ጠጣሮች ናቸው። ግርማ ፓምፑን ታቅፎ ከኋላ ተቀምጧል። እማማ ዛሬ ከፊት ልቀመጥ ብለዋል።

«መንገድ ላይ ብንቆም ቁጭ ብዬ እጠብቅሻለሁ» አሉኝ። «ወደ ቤት መልሺኝ ብልሽ ግን አትስሚኝ።»

እሺ አልኳቸው። ቁልፍ ረስቼ ነው ወደ ውስጥ የተመለስኩት፤ እዚህ ቆሜ የምጽፈው ለራሴም ገርሞኛል። ትንሽ እስክረጋጋ ነው። ክላክሱን የሚያስጮኸው ማነው? በመስኮት አየሁ። ግርማ አይደለም። እሳቸው ናቸው፣ በሁለት እጃቸው። መጣሁ እማማ፣ መጣ