ራዲያተሩ ሙሉ ነበር

ሰቆጣ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለትእዛዙ የሻምበል
ጅቡቲ

ትእዛዙ ልጄ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣ እንደምን ከረምህ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሃል? ሹፌሩ የኔሰው ጭነት ይዞ ወደ ወደቡ በወረደ ጊዜ የምትሠራበት ጋራዥ ድረስ ሄዶ እንዳየህ ነገረኝ። «ከስቷል፣ ግን ይስቃል» አለኝ። ሳቅህን ወደድሁት። ለክሳትህ ደግሞ ይኸው ከደሃና ገብስ የተፈጨ በሶ ልኬልሃለሁ። የኔሰው በመንገድ እንዳይቀንስብህ ፌስታሉን ሰፍቼዋለሁ፤ ስፌቱን አይተህ ተቀበለው።

የምጽፍልህ ስልክ አጥቼ አይደለም። በስልክ የአባትህን ስም ባነሣሁ ቁጥር መስመሩ ይቋረጣል፤ ኔትወርኩ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ወረቀት ግን ቢያስከፋህ እንኳ አጥፈህ ኪስህ ትከተዋለህ እንጂ አይዘጋም። ሌላ ቀን ትጨርሰዋለህ።

ነገሩ ስለ ላንድሮቨሩ ነው። እባክህ እዚህ ላይ አታጥፈው።

ከሄድህ ወዲህ መኪናው ከዳሱ ሥር አልተነቃነቀም። በጦርነቱ ጊዜ የስንቱ ሰው መኪና ሲወሰድ እርሱ የተረፈው ስለማይነሣ ነው። ዶሮዎቼ የሹፌሩን ወንበር ወርሰው እንቁላል ይጥሉበት ነበር። የአባትህን ሙት ዓመት ካወጣን በኋላ አሮጌ መኪና የሚሰበስብ አንድ ሰው ከአዲስ አበባ መጣ። ዞሮ ዞሮ አየው፣ እንደ ፈረስ ደባበሰው፣ ኮፈኑን ከፈተና «ሞተሩ በምን ተቃጠለ?» አለ። አፌን ሳልከፍት ጎረቤታችን እናትነሽ ከአጥሩ ማዶ ቀደመችኝ።

«ልጁ ነው! ውሃውን ለመንገደኛ አጠጥቶ መኪናውን በጥም ገደለው!»

ሰውየው ሳቀ። እኔ «አይሸጥም» አልሁት። ግራ ገባው፤ ለሽያጭ የጠራሁት እኔው ነበርሁና።

ልጄ፣ በዚያ በድርቁ ዓመት ከጽጽቃ ስትመለስ የጀሪካኑን ውሃ ልጅ ላዘሉት ሴቶች መስጠትህ እውነት ነው። አንተም አልካድህም። ግን «ራዲያተሩ ሙሉ ነበር» አልህ። አባትህ «ሙሉ ራዲያተር አይፈላም» አለ፤ ሽማግሌዎቹም ዕድሜውን ሙሉ መሪ የያዘውን ሰው አመኑ። ድንጋይ ተሸክመህ ከእግሩ ሥር እንድትወድቅ ፈረዱብህ። «ያላጠፋሁትን አልሸከምም» ብለህ በማግሥቱ ወጣህ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ስንቅህን ብቻ አቀበልሁህ።

እንግዲህ ሰውየውን ከሸኘሁ በኋላ ቅጣውን አስጠራሁት፤ አብሮህ ቴክኒክ የተማረውን፣ የካሤን ልጅ። ዶሮዎቹን አባርሮ ሞተሩን ፈታ። ቴስታታውን፣ የሞተሩን ክዳን፣ ሲያነሣው በሥሩ የሚነጠፈው ስስ መጋጠሚያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቃጥሎ እንደ ከሰል ይፈረፈር ነበር። አባትህ ሞተሩ ከመቃጠሉ ጥቂት ቀደም ብሎ በገዛ እጁ የለወጠው ነው። ከዳሱ ሥር ጨለማ ስለነበር ያን ቀን ባትሪ ያበራሁለት እኔ ነበርሁ።

«አዲስ መምረጥ አለብን፣ እትዬ ሸጌ» አለኝ ቅጣው። «ሁለት ዓይነት አለ። መዳቡ የድሮ ነው፣ ብርቱ ነው፤ ቴስታታው ትንሽ ከተጣመመ ግን አይቀመጥለትም። ጥቁሩ ይለሰልሳል፣ ጠማማውንም ይችላል። የትኛው ይሁን?»

«ጥቁሩ ይሁን» አልሁት። «በዚህ ቤት ያልተጣመመ ነገር አይገኝም።»

አሁን ስሕተታችንን ስማ፤ ሞያህ ስለሆነ ትስቅብናለህ። አሮጌው ስለተፈረፈረ ልኩን የምናገኝበት አልነበረንም። ስለዚህ በሞተሩ ፊት ላይ የተወውን ጥቁር አሻራ በካርቶን ገልብጠን፣ ቀዳዳዎቹን በመቀስ አውጥተን፣ በየኔሰው እጅ ወልድያ ላክን። ባለ ሱቁ የመኪናውን ስም አይቶ አንድ ላከ። ከአሻራው ላይ ብናነጥፈው ቀዳዳዎቹ አልገጠሙም። «ተሳስቷል» ብለን መለስንበት። ሌላ ላከ፤ እርሱማ ከናካቴው የሌላ መኪና ነው። ይኸኛውንም መለስን። በሦስተኛው የመጀመሪያውን መልሶ ላከውና «ለዚህ መኪና ከዚህ ሌላ የለም፤ የተሳሳተው ካርቶናችሁ ነው» ብሎ በየኔሰው አፍ አሳፈረን።

ቅጣው ተናደደ። ጨርቁን ጋዝ ነክሮ ያንን ጥቁር አሻራ ይፈገፍገው ጀመር። ሲጠራ ከሥሩ ሌሎች ቀዳዳዎች ብቅ አሉ፤ የውሃ መተላለፊያዎች፣ አሮጌው የደፈናቸው። ያን የመለስነውን ጓርኒሲዮን ቢያነጥፈው ሁሉም ቀዳዳ ቀዳዳውን አገኘ። ለካ እስከዚያ ድረስ አዲሱን ስንመርጥ የነበረው በጥፋቱ ልክ ነበር።

«ወይ ጉድ!» ብሎ ሳቀ። «ይሄ እኮ ተገልብጦ ነው የተገጠመው! ራዲያተሩን ዓባይን ቢያጠጡት ውሃው ወደ ላይ አይወጣም። የትኛው ደንቆሮ...» አለና የማን ቤት እንዳለ ትዝ አለው። ጋዝ ባለበት እጁ አፉን ያዘ።

ከዚያ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ የቀረ አንድ ቁራጭ በቢላ ፈነቀለና ገልብጦ አሳየኝ። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነበረበት፤ ይህ ፊት ወደ ላይ ይሁን የሚል። ጽሑፉ ወደ ታች ተነጥፎ ነበር።

«ጋሼ የሻምበል እንግሊዝኛ አያነብም ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ያን ጊዜ የሚያነብለት ሰው አጠገቡ ባይኖር ነው።»

ዞር ብዬ የወደቁትን ቡሎኖች መልቀም ጀመርሁ። ከአንተ የትምህርት ቤት መጻሕፍት ፊደሉን ለቅሜ እንደተማርሁ ቅጣው አያውቅም። አንተ ታውቃለህ።

«እትዬ፣ ይህን ላውራው ወይስ አፌን ልያዝ?» አለኝ። «አንዴ ከገጠምሁት ማንም አያየውም።»

ልጄ፣ አባትህ ክፉ ሰው አልነበረም። ደካማ ሲሆን ዶሮዎቹን ገፋ አድርጎ ከመሪው ኋላ ይቀመጥ ነበር። አንድ ቀን «ጅቡቲ ሙቀቱ ሰው ይገድላል ይባላል፣ እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ስምህን ግን አልጠራም። ሳያውቅ ነው የሞተው። ይህን እመነኝ፤ እርሱ አላወቀም። እናም ስሙን መቃብር ውስጥ እንዳለ መተው ይቀለኝ ነበር። ግን ያን ሳቅ፣ የአዲስ አበባውን ሰው ሳቅ፣ ከጆሮዬ ማውጣት አቃተኝ። «አትግጠመው፤ እሑድ ድረስ ክፍት ይቆይ» አልሁት።

እንደምታውቀኝ ሰው በተሰበሰበበት አፌን አልከፍትም። እሑድ ግን ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ላይ ተነሣሁና «አባቶቼ፣ ቤቴ ድረስ እንድትመጡልኝ እለምናለሁ» አልሁ።

«ድግስ አለ?» አለ ሸጋው፤ ሆዱን የሚወደው ሽማግሌ።

«ውሃ ነው ያለኝ።»

ሳቁ፤ መጡም። አባ ገብረ አማኑኤል መቋሚያቸውን ተደግፈው ሞተሩ ሥር ጎንበስ አሉ። ቅጣው ጓርኒሲዮኑን መጀመሪያ አባትህ እንዳነጠፈው ገልብጦ አነጠፈው። «አባ፣ በሉ እርስዎ ያፍስሱ» ብሎ ማንቆርቆሪያውን ሰጣቸው። አፈሰሱ። ውሃው ተኝቶ ቀረ። ከዚያ መልሶ ገለበጠው። አፈሰሱ። ሲወርድ ድምፁ ተሰማ።

«እስቲ ድገመው» አሉ። ደገመላቸው። በአገራችን ቋንቋ በኽምጣንጋ አንድ ነገር አጉረመረሙና በክርስትና ስሜ ጠሩኝ።

«ወለተ ሚካኤል፣ ያን ጊዜ ልጁ ምን ነበር ያለው?»

«ራዲያተሩ ሙሉ ነበር ነው ያለው፣ አባ።»

«ሰምተን ነበር» አሉ። ማንቆርቆሪያውን አስቀምጠው «ሰምተን ነበር እኮ» አሉ።

ሸጋው «ተይው እንግዲህ፣ ሙት አይወቀስም» አለኝ።

«ሙቱን መች ወቀስሁ? የተወቀሰው ሕያው ነው» አልሁት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

እናትነሽ ከአጥሩ ማዶ አንገቷን አስግጋ «ታዲያ እኔ እስከ ዛሬ ምን ስል ነው የኖርሁት?» ስትል ቅጣው «ስትሳደቢ!» አላት። አባ እንኳ ሳቁ። እርሷም ማታውኑ ሽሮ ይዛ መጣች፤ ይቅርታ መሆኑ ነው፤ እኔም ተቀበልሁ።

ሽማግሌዎቹ እዚያው ቆመው ፍርዱን አነሡ። አባ «የፈረድነው እኛ ነን፤ ሲመጣ ይቅርታ የምንጠይቀውም እኛ ነን ብለሽ ጻፊለት» ብለውኛል። ይኸው ጻፍሁ።

በማግሥቱ ቅጣው ጓርኒሲዮኑን ይዞ ሲያነጥፍ አስቆምሁትና ጽሑፉን ጮክ ብዬ አነበብሁለት። «እንዴ፣ እትዬ ሸጌ ያነባሉ?» አለኝ። «አነባለሁ» አልሁት። ሞተሩ ሳል እንደያዘው ሰው አጉረምርሞ ተነሣ። ጭሱ ሰፈሩን ሸፈነው፤ ዶሮዎቹም ይኸው እስከ ዛሬ ተቀይመውኛል።

ትእዛዙ ልጄ፣ ሽማግሌዎቹ «ይምጣ» ይላሉ። እኔ ግን ወደ ቤት ና አልልህም። ስንቅ አቀብዬ የሸኘሁህ ሰው ና ለማለት አፍ የለኝም። አባ ያልጠየቁኝ፣ ቅጣውም ያልጠረጠረው አንድ ነገር አለ፤ ባትሪ ስላበራሁበት ቀን ነው፤ ለአንተ የሚነገር ነው። ይህን ደብዳቤ ጀምሬ የቀደድሁት እርሱን ልጽፍ ስል ነው። በወረቀት ብነግርህ ፊትህን ሳላይ እገላገላለሁ፤ ያ ደግሞ ለእኔ እንጂ ለአንተ አይሆንም።

የኔሰው በየካቲት ሲወርድ ከጎኑ ቦታ አለኝ ብሏል። እስከ ሚሌ እመጣለሁ። ከዚያ ወዲያ ለድንበሩ የሚሆን ወረቀት የለኝም። ከጋራዡ ፈቃድ ቢሰጡህ ከወዲያ አንተ ና። ከሰማኸኝ በኋላ ተነሥተህ ብትሄድ አልከተልህም፤ ብትቀመጥ ግን ራስህን እዳብስልሃለሁ።

ኪዳነ ምሕረት ጥላ ትሁንህ፣ እጅህን ከእሳትና ከብረት ትጠብቅልህ፣ የምትፈታውን ሁሉ የምትገጥም ታድርግህ። ባልመረቅሁህ ቀን ሁሉ ፈንታ ዛሬ መርቄሃለሁ። ሚሌ ላይ ባላገኝህ መንገዱን ለምጄ ተመልሻለሁ ማለት ነው፤ የኔሰው በሚያዝያም ይወርዳል።

እናትህ
ሸጌ