የሞጣው አዳራሽና የይሁኔ ፎቶ

ታኅሣሥ 6፣ 2001፣ ሰኞ

ባሌን ይሁኔን አጥቤ፣ ጢሙን ላጭቼ፣ በረንዳው ላይ ፀሐይ አስይዤው ወደ ሥራ። የክትባት ቀን። የጤና ጣቢያው ግቢ በእናቶችና በልቅሶ ተሞልቷል። እግሬ አብጧል። ነርስ ነኝና መድኃኒቱን አላጣሁትም፤ መቀመጥ ነው። ማን አስቀምጦኝ።

ማታ ሀብታሙ ደወለ፤ የልጄ የማስተዋል እጮኛ። ሞጣ ባንክ ነው የሚሠራው። ጥሩ ልጅ ነው፣ ወሬ ያበዛል እንጂ። ወላጆቹ መክረዋል፤ ጥር 17 ሠርጉ የሁለቱም ወገን አንድ ላይ፣ ሞጣ፣ በታደሰው የባላባቱ ቤት ይሁን ይላሉ። ቤቱ እንግዳ ማረፊያና የሠርግ አዳራሽ ሆኗል። ማስተዋል ከዋዜማው ሄዳ እዚያው ታድራለች፣ እዚያው ትለብሳለች። እዚህ እኛ ቤት ቢቸና ላይ ዳስ የለ፣ ጠላ የለ፣ ወጥ የለ።

ወዲያው እሺ አልኩ። ደስ አለኝ፣ ደብተሬ። ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ።

ታኅሣሥ 10፣ ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ

ለይሁኔ ነገርኩት። እሱ እንደማይሄድ ሁለታችንም እናውቃለን። አምና ስትሮክ ከመታው ወዲህ ቀኝ ጎኑ ሰንፏል፣ ምላሱም ተይዟል። ደብረ ማርቆስ ለሕክምና የወሰድነው ጊዜ ጠጠር መንገዱ አንጀቱን ገለበጠው፤ ሳምንት ተኛ። በቃሬዛ ልውሰድህ ብለው ደግሞ በጄ አይልም። ለልጁ ሠርግ ታዝሎ የሚሄድ ሰው አይደለም። ሲያዳምጠኝ ቆየና ጥሩ አለ። አንዲት ቃል ለማውጣት ብዙ ይታገላል።

ጎረቤቴ እትየ ጥሩወርቅ ዳስ እንደሌለ ሰምተው አኮረፉ። የዕድሩ ሴቶች አለቃ ናቸው። የሰው ሽንኩርት ስትከትፊ ኖረሽ ለልጅሽ ሲሆን አዳራሽ አማረሽ አሉኝ። ደክሞኛል አልኳቸው። እውነት ነው። ከደሴ ተመድቤ መጥቼ እዚሁ የቀረሁ ሰው ነኝ፤ እህት የለኝ፣ አክስት የለኝ። ለኔ ድግስ ማለት እኔና ምድጃው ብቻ ነን።

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ

በጧቱ አውቶቡስ፣ ከማስተዋል ጋር፣ ሞጣ።

ቤቱን አውቀዋለሁ። መጀመሪያ የተመደብኩት እዚያ ነበር። ያኔ ከባላባቱ ተወርሶ ክሊኒክ ሆኗል፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ የሌሊት ወፍ ይሸታል። አሁን ድንጋዩ ታጥቦ፣ የጣውላው ወለል በሰም አብረቅርቆ፣ ቆርቆሮው ቀይ ተቀብቶ ቆየኝ። ከደጁ ስገባ ቤት ለእምቦሳ አልኩ፣ ልማድ ሆኖብኝ። ለሆቴል ይባል አይባል እንጃ። ማናጀሯ፣ ለጋ ልጅ ናት፣ ስቃ እምቦሳ እሰሩ አለችኝ። ወደድኳት።

መኝታ ቤቶቹን አስጎበኘችን። ፎቁ ላይ ያለው ሰፊ ክፍል የባላባቱ መኝታ ነበር አለች። ይሆናል። በኔ ጊዜ ሕሙማን የሚተኙበት ነበር። ይሁኔ የሞጣ ት/ቤት መምህር ሳለ ወባ ጥሎት ተማሪዎቹ በዚያው ደረጃ በቃሬዛ አወጡት፤ መስኮቱ ሥር አስተኛሁት። በሽታውን ሳይጠይቅ ስሜን ጠየቀኝ። አሁን መስኮቱ ሥር ትልቅ መስታወት ቆሟል፤ ሙሽሮች የሚለብሱት እዚያ ነው። ለማስተዋል አባትሽ እዚህ ነበር የተኛው አልኳት። መስታወቱን አየች።

አዳራሹ ፊት ለፊት መድረክ አለው። ለወላጆች ቀይ ከፈይ የለበሱ ወንበሮች፣ በየወገኑ ሁለት ሁለት። ሙሽሮቹ ጉልበት የሚስሙት እዚያ ነው። እስቲ ልሞክረው ብዬ ተቀመጥኩ። አቤት ወንበር! መነሣት አስጠላኝ። ማናጀሯ የሙሽራዋ አባት ይመጡ እንደሆነ ጠየቀች። ታሟል አልኩ። ግድ የለም አለች፤ ፎቶአቸውን አሳድገን ወንበሩ ላይ እናቆማለን፣ አበባ እናደርግበታለን፣ ብዙ ሰው እንዲያ ያደርጋል። በቅንነት ነው ያለችው።

ራሴን ነቀነቅኩ። ተቀምጦ መስማማት ቀላል ነው። ማስተዋል ወጥታ ሄደች።

ስንመለስ ደብረ ወርቅ ላይ፣ ማስተዋል ወደ መስኮቱ ዞራ እንዳለች፣

“እማዬ፣ የማንን ጉልበት ነው የምስመው?” አለች።

የተኛሁ መሰልኩ።

ታኅሣሥ 12፣ እሑድ

ይሁኔ ያየሁትን ጠየቀኝ። ወለሉን ነገርኩት፣ ቆርቆሮውን ነገርኩት፣ መስታወቱን ነገርኩት። በግራ ጉንጩ ሣቀ። የፎቶውን አልነገርኩትም። ቀኑን ሙሉ ልብስ አጠብኩ። ማስተዋል ጀርባዋን ሰጥታኝ ታጥባለች።

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ

በቅደም ተከተል ልጻፍልህ።

ጧት ማናጀሯ ደውላ ፎቶው ቶሎ ይድረስ አለች። ይሁኔ ተኝቶ ሳለ ከግድግዳው አወረድኩት፣ ያንን በከረቫት የተነሣውን። ፎቶ ቤት አድርሼ አሳድጉልኝ ብዬ ስወጣ እትየ ጥሩወርቅ በር ላይ። ምንድን ነው አሉኝ። የይሁኔን ፎቶ ላሳድግ ነው አልኩና ሮጥኩ፤ ሥራ ረፍዶብኛል። ሌሊቱን ስላልተኛሁ ዓይኔ ደም መስሏል። እዚህ አገር የታማሚ ፎቶ በጧት የሚያሳድግ ሰው ለለቅሶ መሆኑን እኔ አጥቼው ነው?

5 ሰዓት ገደማ መርፌ እየወጋሁ የዕድሩ ጡሩምባ ተነፋ። ማን ይሆን አልኩ። ጥሪው ቀጠለ፤ መምህር ይሁኔ አርፈዋል።

የታማሚዋን ክንድ እንደያዝኩ ቀረሁ። ደብተሬ፣ ካንተ ሌላ ማንም አያነበውም፤ አንዳንድ ቀን እሱን አንሥቼ ሳስቀምጥ፣ ይህ ነገር ቢያልቅ ምን ይሰማኝ ይሆን ብዬ አስቤ አውቃለሁ። አርፍ ይመስለኝ ነበር። ከጤ/ጣው እስከ ቤቴ አወቅኩት። ዕረፍት የሚባል ነገር አልነበረበትም። ነጠላዬ የት እንደወደቀ አላውቅም። ሳላጠግበው ወጥቻለሁ፣ ፎቶውን ከራስጌው ሰርቄ ወጥቻለሁ፤ እሱን እሱን እያልኩ ሮጥኩ።

ግቢው በሰው ተሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የዕድሩ ወንዶች የድንኳን እንጨት እንደተሸከሙ ከበሩ ላይ ቆመዋል። ይሁኔ በረንዳው ላይ፣ ማስተዋል ባስቀመጠችው ቦታ፣ አለ። እትየ ጥሩወርቅ እግሩን አቅፈው አንዴ ያለቅሳሉ፣ አንዴ ይስቃሉ። ሞቷል ብለው ለዕድሩ ያስነገሩ እሳቸው ናቸው፤ እየጮሁ ገብተው ፀሐይ ሲሞቅ ነው ያገኙት።

እኔም ሄጄ እግሩ ሥር ወደቅኩ። የፎቶውንም፣ የወንበሩንም ነገር ሰው ሁሉ እየሰማ ነገርኩት። ሌላ ምን እላለሁ። ራሴን በግራ እጁ ዳሰሰኝ። ከዚያ ወደ ሰዉ ቀና አለ። ቃሉ እስኪወጣ ሁሉም ጠበቀው።

“ለቅሶዬ... የመጣችሁ፣ ለልጄ ሠርግ... ልትቀሩ ነበር?”

ሣቁን ድንኳን ተሸካሚዎቹ ጀመሩት፤ ግቢው ተናጋ። ማስተዋል ወደ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ሰማኋት።

ታኅሣሥ 16፣ ሐሙስ፣ ማታ

ሠርግና ሞት አንድ ነው ሲሉ እሰማ ነበር፤ በአንድ ግቢ በአንድ ቀን ግን አልጠበቅኩም።

ለሀብታሙ ደወልኩ። ሙሽራዋን ቢቸና መጥተህ ከአባቷ ደጅ ውሰድ፣ አዳራሹ ለናንተ ወገን ይሁን፣ እኛ ዳስ እንጥላለን አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬ ሳያበዛ እሺ አለ። ዘመዶቹ ይነጫነጩ ይሆናል፤ ይነጫነጩ። ማስተዋል ከጎኔ ሆና ሰማች። ጉንጬን ሳመችኝ።

ፎቶው ወደ ምስማሩ ተመልሷል። ያደገውንም አመጣሁት፤ ይሁኔ አየውና ፊቱን አዞረ። ከአልጋ ሥር አስገባሁት።

እትየ ጥሩወርቅ ከሰዓት ሴቶቹን ሰብስበው መጡ። ጌሾው ለእገሊት፣ ብቅሉ ለእገሊት፣ በርበሬው ለሁለቱ እህትማማቾች። እኔን ዘለሉኝ። ኩርፊያቸው ያላለቀ መስሎኝ የኔስ ሥራ የቱ ነው አልኳቸው። ሰፌዳቸውን ከጉልበታቸው ላይ አውርደው አዩኝ።

“አንቺማ ከጎኑ ትቀመጫለሽ። ያንቺስ ጉልበት አይሳምም እንዴ?”

አላሰብኩትም ነበር። እውነቴን ነው፣ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩትም።

የቤታችንን ሁለት ወንበሮች አወጣኋቸው። የአንዱ እግር ይወላገዳል፤ ነገ አናጢ ጋ ይሄዳል። የዓመት ፈቃድ ማመልከቻዬን ጽፌአለሁ። ደህናው ወንበር የይሁኔ ነው። የሚወላገደው የኔ። እቀመጥበታለሁ።