ጋቢ የለበሰው ኮምፒውተር

ለተወደድከው ታላቅ ወንድሜ ለኤርካሎ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ሱቅ ውስጥ ቆሜ ስለምውል እግሬ ያብጣል ብለህ ነበር፤ ተሻለህ ወይ? ደርባን ብርዱ እያለፈ ነው ይላሉ፣ እማዬ ግን አላመነችም፤ ሹራብ ላኪለት እያለች ታስጨንቀኛለች። እኛ ጌታ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። የሶዶ ዝናብ የዳሞታን ተራራ ከነአናቱ ሸፍኖታል፣ ጭቃውን ታውቀዋለህ። በስልክ እንዳልነግርህ የእማዬ ሰላምታ ሳያልቅ ካርዱ ያልቃል። ስለዚህ የባለ ሱቁ የጋሽ ጠሃ ልጅ ፈሪድ ወደ እናንተ ሲመጣ ይህን አስያዝኩት።

ስትሄድ "ሰገነት ማስተርሷን ጨርሳ አስተማሪ ስትሆን እመለሳለሁ" ብለህ ነበር። እማዬ ይህን ቃል እንደ ኪዳን ይዛዋለች። የመመረቂያ ሥራዬን ከእኔ በላይ የምትከታተለው እሷ ናት። ነሐሴ ላይ ካላቀረብኩ ለሚቀጥለው ዓመት መተላለፌ ነበር፤ እኔ ከተላለፍኩ አንተም ተላለፍክ ማለት ነው።

ምን እንደምሠራ ጠይቀኸኝ በወጉ ሳልነግርህ ቀርቻለሁ። በጣም የሚግል የኤሌክትሪክ ዕቃ አለ እንበል። ከሥሩ የመዳብ ሳህን ይደረግለታል፣ ሳህኑ ላይ ቀጫጭን ክንፎች ይደረደራሉ፣ በመካከላቸው ውሃ እየፈሰሰ ሙቀቱን ይወስዳል። የእኔ ሥራ በየክንፉ፣ በየቦታው፣ ሙቀቱ ወደ ውሃው ምን ያህል በቀላሉ እንደሚሻገር በቁጥር ማውጣት ነው። ቁጥሩን ኮፊሸንት እንለዋለን። ሳህኑም ውሃውም የሚነካ አይደለም፣ ሁሉም ኮምፒውተር ውስጥ በስሌት ያለ ነው።

ታዲያ ውጤቱ ሲወጣ ውሃው መጀመሪያ የሚያገኛቸው የፊተኞቹ ክንፎች ጎበዝ፣ የኋለኞቹ ደግሞ ጭራሽ ሰነፍ ሆኑ። አማካሪዬ ዶክተር ወልደመስቀል አይተው፣ ትንሽ መቀነስ ያለ ነው፣ ይሄ ግን ጤና አይደለም፣ ከአንድ መዳብ ተቆርጠው እንዴት እንዲህ ይለያያሉ አሉኝ። እኔም ስሌቱ ሳህኑንና ውሃውን የሚከፋፍልባቸው ቁራጮች ስለተለቁ ነው ብዬ ይበልጥ አድቅቄ ከፋፍዬ እንደገና አስነሳሁት። ኮምፒውተሩ ለቀናት ሳይጠፋ መሥራት ነበረበት። መብራት ሲሄድ ከጋሽ ጠሃ ጄነሬተር ገመድ እየሳብኩ፣ ማንም እንዳይነካው ጓዳ አስቀምጬ በሩን ዘጋሁበት።

ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። በእኛ ሠፈር በር ተዘግቶበት ለቀናት ጓዳ የሚቆይ ወይ አራስ ነው ወይ በሽተኛ። እማዬ ኮምፒውተሩ በር ተዘግቶበት ጓዳ መሰንበቱን ለጸሎት ጓደኞቿ ነገረቻቸው። እኔ አማካሪዬ ዘንድ ሄጄ ሳለሁ የቡድኑ መሪ እትዬ አባይነሽ ሴቶቹን አስከትላ ለጥየቃ መጣች፤ አንዷ የቦይና ሥር ቀቅላ፣ ሌላዋ ወተት ይዛ። ገብተው ቢያዩ የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ያጓራል። ተመካክረው፣ ያቃስታል፣ ብርድ መትቶት ነው አሉ። የእማዬን ጋቢ አጥፈው አለበሱት፣ ዳር ዳሩንም ከሥሩ ጠቀጠቁለት፣ ከዚያ ጸለዩለት። ጥቂት ቆይቶ ጭጭ ሲል እንቅልፍ ወሰደው ብለው አመስግነው ወተቱን ራሳቸው ጠጡት። እኔ ስደርስ እንደ ፍም ግሎ ጠፍቷል። ስለ ማቀዝቀዝ ሲያሰላ ሙቀት ገደለው።

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እማዬም ነገሩ ሲገባት አጠገቤ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ እኔ ለስሌቱ፣ እሷ ለአንተ።

ኮምፒውተሩ ሲበርድ ተነሣ፣ ፋይሉ ግን ተበላሽቷል። ሁሉንም እንደ አዲስ እየሞላሁ ሳለ አንድ ቦታ ላይ እጄ ቆመ። ፕሮግራሙ ኮፊሸንቱን ለማውጣት የክንፉን ሙቀት ከየትኛው ውሃ ጋር ላስተያየው ብሎ ይጠይቃል። ለካ እኔ ለሁሉም ክንፍ መግቢያው ላይ ያለውን ቀዝቃዛ ውሃ ሰጥቼ ኖሯል። ኋላ የሚደርሰው ውሃ ግን በመንገዱ ሞቋል። ዳስ መጨረሻ የተቀመጠ እንግዳ ወጡ በርዶ ደርሶት ቢተወው፣ መብላት አያውቅም ብሎ እንደ ማማት ነው። እያንዳንዱን ክንፍ በአጠገቡ ከሚያልፈው ውሃ አማካይ ሙቀት ጋር ሳስተያየው የታሙት ሁሉ ደህና ሆነው ተገኙ። የፊተኛው ስሌት ሳይቋረጥ ቢያልቅ ኖሮ ያንኑ ስህተት አሳምሬ ይዤ ቀርቤ እወድቅ ነበር።

ይህን ለእማዬ መንገር አልነበረብኝም። እሑድ ምእመናኑ ፊት ቆማ፣ ጌታ በጋቢዬ ሠራ ብላ መሰከረች። አሁን ለፈተና የደረሱ የጎረቤት ልጆች ጋቢውን አውሺን እያሉ ያስቸግሯታል።

ሐሙስ ዕለት አቀረብኩ። ከአዲስ አበባ የመጡት ፈታኝ ሌላውን ሁሉ ትተው፣ ኮፊሸንቱን ያወጣሽው ከየትኛው ውሃ ጋር አስተያይተሽ ነው አሉኝ። ስሜን ብረሳ ያን አልረሳም፤ መለስኩላቸው። አለፍኩ ወንድሜ። ከመስከረም ጀምሮም አስተምራለሁ። ደስ ብሎኛል፣ ግን አጨብጫቢዎቹ መካከል አንተን ፈልጌ አጣሁህ።

አባዬ ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ በሬ ሊያይ ወደ ተበላ ከተማ ገበያ ወርዷል፤ ሰላምታውን ያደረሰኝ በሩ ላይ ቆሞ ነው። ታናሻችን ቤኒ ሰላም ይልሃል፤ አልጋህን ስለያዘው ሰላምታው ፈራ ተባ ይላል። ጋሽ ጠሃ በጣም ናፍቀኸዋል። እትዬ አባይነሽም ከነቡድኗ ጤናህን ትመኛለች። እማዬን ግን ሰላምታሽን ልጻፍለት ብላት እምቢ አለች። የእኔን በወረቀት አልሰጥም፣ ልጅቷ ጨርሳለች፣ እሱ መጥቶ ከአንገቴ ይውሰድ ብላለች።

እህትህ ሰገነት
ወላይታ ሶዶ
ነሐሴ 21 ቀን 2008 ዓ.ም.