ለሲና ያስፈቀድኳቸው ቀናት

የኔ ሰናይት፣

ከተለየሽን አንድ ዓመት ሊሞላ ሦስት ሳምንት ቀረው። ዴንቨር የነበረኝን የሆቴል ሾፌርነት ትቼ አውሮራ አንድ ትምህርት ቤት ተቀጥሬያለሁ። ሥራዬ ከሌላ አገር የመጡ ቤተሰቦችን ከትምህርት ቤቱ ጋር ማግባባት ነው። ሰው ቤት ገብቼ ጥያቄ ሳበዛ በጠረጴዛ ስር እግሬን ትረግጪኝ አልነበር? አሁን ለዚያው ጠባዬ ደመወዝ ይከፍሉኛል።

ባለፈው ወር ሲና ስለምትባል ተማሪ ነገሩኝ። ወላጆቿ ከሳሞአ ደሴቶች የመጡ ናቸው፤ እሷ የሊዲያችን እኩያ ናት። የአባቷ አጎት ሞተው፣ ዘመድ እስኪሰበሰብ ቀብሩ ስለዘገየ ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቀርታለች። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ለወላጅ ወይም ለእህት ለወንድም ካልሆነ የሐዘን ፈቃድ አይሰጥም። ከዚህ በላይ ከቀረች ለወላጆቿ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይላካል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ አገሩን ገና ያልለመደ ሰው እንዴት እንደሚያስደነግጥ አውቃለሁ። ቤታቸው ሄጄ ልጅቷን እንዲልኳት እንዳሳምን ታዘዝኩ።

ሄድኩ። ደጁ ላይ የተደረደረው ጫማ መርገጫ አሳጣኝ። ሲና ለለቀስተኛው ምግብ ታቀርባለች፤ በሰው ፊት ስታልፍ ጎንበስ ብላ ይቅርታ ትጠይቃለች። ለሐዘኑ በስጦታ የመጡትን በእጅ የተሠሩ ስስ ሰሌኖች ከሴቶቹ ጋር ይዛ ትዘረጋለች። ሰሌኑ ስንት ጊዜ ይፈጃል፣ ለማን ይሰጣል፣ ልጅስ ለምን ይይዘዋል እያልኩ የአባቷን ልብ አደረቅኩት። አልተቆጡኝም። ልጅ ከለቅሶ ቤት ከራቀ የሞተው ሰው ዘመዱ መሆኑን በምን ያውቃል አሉኝ።

እዚያው ተቀምጬ አፈርኩ። አንቺን በቀበርን ማግስት ሊዲያን ትምህርት ቤት አደረስኳት። ለቅሶ ለልጅ ይከብዳል ብዬ ነበር፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ ለወላጅ ፈቃድ እንደሚሰጥ ሳላውቅ የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤም ፈርቼ ነበር። ቤታችን ሰው ሞልቶ ሳለ እሷ ሂሳብ ስትማር ዋለች።

ስለዚህ የታዘዝኩትን አላደረግኩም። ርእሰ መምህሯ ጋ ገብቼ ሲና እቤት ምን እንደምትሠራ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ የቤት ሥራዋን እኔ እንዳመላልስላት ተስማምተን እስከ ቀብሩ ድረስ ፈቀዱላት።

በማግስቱ ሊዲያን ከትምህርት ቤት ይዣት ስመለስ ያኔ በለቅሶሽ ምን ማድረግ ትፈልግ እንደነበር ጠየቅኋት። ግሪን ቫሊ ራንች የሚባለው ሰፈር ስንደርስ እንግሊዝኛዋን ትታ በአማርኛ መለሰችልኝ።

«ለማሚ ለመጡት ሰዎች ውሃ መስጠት እችል ነበር። ማንም አልጠየቀኝም።»

መኪናውን ዳር አቁሜ ይቅርታ ጠየቅኋት። አለቀስን ሁለታችንም።

ሙት ዓመትሽ ዓርብ ቀን ይውላል። የሊዲያን የፈቃድ ወረቀት ሞልቻለሁ፤ ምክንያት በሚለው ቦታ የእናቷን እንግዶች ታስተናግዳለች ብዬ ጻፍኩ። እስካለሁ ድረስ አልረሳሽም፣ ሰናይት። ከእንግዲህ አንቺን በማስብበት ቀን ግን ልጅሽን ከቤት አልልካትም።

ባልሽ ታደሰ